ቀይ እስክሪብቶና ቅኔ ነገራ

የኮሌጅ የመጀመሪያ ድርሰቴ ሲመለስልኝ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ነበር። ከግርጌው «ሐሳቡ ግልጽ አይደለም» ይላል፤ ከጎኑ ውጤቱ። የትኛው ሐሳብ? የቱ ጋ? የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ አለቀ።

ዛሬ የኮሌጅ ተማሪዎችን ድርሰት ሲጽፉ አግዛለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ መጣች። ከኢንተርኔት የገለበጠችው አሳይመንት ተይዞባት፣ እንደገና ጽፋ ካላቀረበች ኮርሱን ትወድቃለች። «መምህር፣ እኔ መጻፍ አልችልም፤ የገለበጥኩትም ለዚያ ነው» አለችኝ። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ነገሩን ሳስበው፣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልመሰለኝም። ረዥም ታሪክ አለው።

በአገራችን ድርሰትን ማስተማር በኮሌጅ አልተጀመረም። በቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ይለማመዳል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ እያለ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ትንሹን ሳይችል ትልቁን አይሞክርም። ለቆጠራ ከሰው ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ምስጢሩን፣ ቃሉንና የዜማ ልኩን ያሰላስላል። ከዚያ ነገራ ይመጣል፦ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፤ መምህሩም ሰምተው እዚያው ያርሙታል፣ ያቃኑታል። ማቀድ፣ መድረስ፣ ማረም፤ ሦስቱም አሉ። እርማቱ ደግሞ ከሰው አፍ ወደ ሰው ጆሮ ነው።

ቅኔ ቤትን ገነት ላደርገው አልፈልግም። ረሃቡ፣ ቁፋዳ ይዞ ልመናው፣ የውሻው ንክሻ ነበር። ለሴቶችም በሩ ጠባብ ነበር፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የቅኔ መምህርት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በ1950 እ.ኤ.አ. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲያን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። የኮሌጅ ድርሰትም በዚያው ቋንቋ መጣ። ከባሕር ማዶ ደግሞ ይህ ልማድ የራሱ ታሪክ ነበረው። ሃርቫርድ በ1874 ለመግቢያ ፈተናው አጭር ድርሰት ጨመረ። ብዙዎቹ አመልካቾች ደካማ ሆነው ሲገኙ፣ በ1885 ለጀማሪ ተማሪዎች የግዴታ የጽሕፈት ኮርስ ተከፈተ። ኮርሱ ወደ ሌሎችም ተዛመተ። መምህሩ የተቆለለ ወረቀት ሲጠብቀው ጊዜ ያለው ስሕተት ለማስመር ብቻ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ከክፋት ሳይሆን ከጊዜ እጥረት የተወለደ ይመስለኛል።

እነሱም ጉድለቱን አይተውታል። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ በ1934 ተማሪው ከመምህር አጠገብ ተቀምጦ የሚጽፍበት ክፍል አቋቋመ። በ1971 ጃኔት ኤሚግ ተማሪዎች ሲጽፉ ምን እንደሚያደርጉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ እያደረገች አጠናች፤ ጽሕፈት ቀጥ ያለ መንገድ እንዳልሆነ፣ ወደ ኋላ የሚመልስ፣ የሚያስቆም እንደሆነ አሳየች። በዓመቱ ዶናልድ መሪ መምህራን ያለቀውን ወረቀት ሳይሆን የመጻፉን ሂደት እንዲያስተምሩ ተከራከረ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ዛፍ ሥር የተቀመጠው የቅኔ ተማሪ ትዝ አለኝ።

እኛ ግን የወረስነው ቀዩን እስክሪብቶ ነው። ልጆቻችን በአፍ መፍቻቸው ያሰቡትን በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአንድ ሌሊት፣ ያውም ያለ ሰሚ እንዲጽፉ እንጠይቃለን። ሞንቴኝ በ1580 ጽሑፎቹን ያሳተመበት የፈረንሳይኛ ቃል «ሙከራ» ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ «ድርሰት» የሚለው ቃል «ደረሰ»ን ያስታውሳል። ተማሪው ገና ሳይነሣ መድረስ ያለበት ይመስለዋል፤ ለዚህ ነው የደረሰ ሰው ወረቀት የሚገለብጠው።

ልጅቷን ደብተሯን እንድትዘጋ ነገርኳት። «ዝም ብለሽ አውሪኝ» አልኳት፣ በአማርኛ። ርዕሷ የውሃ እጥረት ነበር። የሰፈሯን ቦኖ፣ የጄሪካን ሰልፉን፣ እናቷ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት እንደማይተኙ አወራችኝ። እኔ ዝርዝሩን ብቻ ጻፍኩ። ስትጨርስ ወረቀቱን ሰጠኋትና «አስተዋጽኦሽ ይኸው፤ የትኛው ይቅደም?» አልኳት። ብዙ ቆይታ ሌሊቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

የመጀመሪያው ረቂቅ ያው የውሃ ጥቅም ዝርዝር ሆኖ መጣ። ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። አንቀጹን ሳትጨርስ ቆማ «ይሄ እኔ ያወራሁት አይደለም» አለች። ሁለተኛው ላይ እናቷ ገቡ። ሦስተኛው ላይ የቀረው የሰዋስው ስሕተት ነበር፤ እሱን አብረን በእርሳስ አረምን።

ኮርሱን አለፈች፤ ውጤቷ መካከለኛ ነው። ባለፈው ሳምንት የሌላ ኮርስ ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። ከመቀመጧ በፊት «መጀመሪያ ላንብብልዎት?» አለችኝ።