ሂፕኖበርዚንግ በአነስተኛ ወጪ

ሂፕኖበርዚንግ ነፍሰ ጡር ሴት ሰውነቷን ማፍታታትን፣ ረጋ ብሎ መተንፈስንና በጎ ሐሳብን በልቡና መደጋገምን አስቀድማ እየተለማመደች ለምጥ የምትዘጋጅበት ዘዴ ነው። መሠረቱ ራስን በራስ ወደ ሂፕኖሲስ፣ ማለትም ትኩረት ወደ አንድ ነገር ወደሚሰበሰብበት ጥልቅ መረጋጋት፣ ማስገባት ነው። ይህ ሰው በመድረክ ላይ ሲያንቀላፋ ከሚታይበት ትርኢት ጋር አይገናኝም፤ እናቲቱ አትተኛም፣ የሚነገራትን ትሰማለች፣ በፈለገች ጊዜም ታቋርጠዋለች። ዘዴው በስፋት የሚታወቀው በብሪታኒያና በአሜሪካ ሲሆን፣ ይህ መጣጥፍ በብሪታኒያው ልምድ ላይ ያተኩራል፤ በተለይም ገንዘብ ያጠራት እናት ከዚህ ዘዴ ምን ልታገኝ እንደምትችል ይመለከታል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

የዘዴው ሐሳብ ምንጭ ተደርገው የሚጠቀሱት እንግሊዛዊው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ (1890–1959) ናቸው። ራሳቸው እንደተረኩት፣ ገና ወጣት ሳሉ በምሥራቅ ለንደን በኋይትቻፕል ሰፈር አንዲት ድኻ ወላድ ዘንድ በሌሊት ተጠሩ። ክፍሏ ጠባብ፣ ዝናብ የሚገባባት ነበረች። ብርሃኗ በቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ የተተከለ አንድ ሻማ ነው። ውኃና ሳፋ ያቀረበችው ጎረቤት ስትሆን ሳሙናና ፎጣው የሐኪሙ ነበር። ሕፃኑ ሊወጣ ሲል የክሎሮፎርም ማደንዘዣ ጭምብል ቢያቀርቡላት ሴትየዋ በትሕትና እንቢ አለች፤ ያለ ጩኸትም ወለደች። በኋላ ምክንያቷን ሲጠይቋት እንዳላመማት፣ ሊያማት እንደሚገባም አስባ እንደማታውቅ መለሰችላቸው። ታሪኩ ከዓመታት በኋላ በባለታሪኩ ብዕር የተጻፈ በመሆኑ እያንዳንዱን ዝርዝር እንደ ምስክር ቃል መውሰድ አይቻልም። የሆነ ሆኖ፣ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ትምህርት መነሻ ታሪኩ ከለንደን እጅግ ድኻ ሰፈሮች በአንዱ የተፈጸመ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ዲክ ሪድ ከዚህና ከመሰል ገጠመኞች ተነስተው ፍርሃት ጡንቻን ያኮማትራል፣ የተኮማተረ ጡንቻ ሕመም ያመጣል፣ ሕመሙም ፍርሃቱን መልሶ ያባብሳል የሚል አስተምህሮ አቀረቡ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1933 ታተመ። በይበልጥ የታወቀው ሥራቸው ደግሞ በ1942 በእንግሊዝ፣ በ1944 በአሜሪካ ወጣ። በ1956 በእንግሊዝ የተመሠረተውና ዛሬ ብሔራዊ የወሊድ ማኅበር በመባል የሚታወቀው ድርጅት የተቋቋመው ይህንን አስተምህሮ ለማስፋፋት ነበር፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ራሳቸው ሆኑ። ድንጋጤና ጭንቀት አድሬናሊንን በመጨመር ምጥን ሊያጓትቱ እንደሚችሉ ዛሬም ይታመናል። ይሁን እንጂ የምጥ ሕመም በሙሉ ከፍርሃት የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ የማህፀን መኮማተርና የማህፀን በር መከፈት በራሳቸው ያምማሉ። ሳትፈራም ክፉኛ ያመማት እናት ጥፋተኛ አይደለችም፤ ይህ በአንዳንድ የዘዴው አስተማሪዎች ዘንድ በበቂ ሁኔታ አይነገርም።

የሂፕኖሲሱ መስመር ከዚህ ይቀድማል። በማንቸስተር ይሠሩ የነበሩት ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጄምስ ብሬድ በ1841 ሰውን እንደ እንቅልፍ ባለ ሁኔታ ውስጥ የማስገባት ትርኢት ከተመለከቱ በኋላ ጉዳዩን ማጥናት ጀመሩ፤ መጽሐፋቸውንም በ1843 አሳተሙ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ በሶቭየት ኅብረት በካርኪቭ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ምጥን በሂፕኖሲስ ማቅለልን ሞክረው፣ ቀስ በቀስ ወደ ትምህርትና ወደ አተነፋፈስ ልምምድ አዞሩት። ይህ አሠራር በ1951 በመላ አገሪቱ እንዲሠራበት ተወሰነ። በዚያው ዓመት አገሪቱን የጎበኙት ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናን ላማዝ ለብረታ ብረት ሠራተኞች በተቋቋመ የፓሪስ ክሊኒክ ሥራ ላይ አዋሉት። በስማቸው የሚጠራው የአተነፋፈስ ዘዴ የመጣው ከዚህ ነው።

ምጥን የማቅለል ጉዳይ ከሃይማኖትም ጋር ተገናኝቷል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ለሔዋን የተነገረውን ቃል ይዘው የምጥን ሕመም ማስታገስ ተገቢ አይደለም ያሉ ነበሩ። ክሎሮፎርምን በ1847 ለወላዶች የሰጡት የኤደንብራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በዚያው ዓመት ለዚህ ተቃውሞ በጽሑፍ መልስ ሰጥተዋል። የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛም በጥር 1956 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ በሥነ ልቦና ዝግጅት ሕመምን ማቅለል በራሱ ከሥነ ምግባር ጋር እንደማይጋጭ አስታውቀዋል።

ሂፕኖበርዚንግ የሚለው ስም ባለቤት ማን እንደሆነ አከራካሪ ነው። አሜሪካዊቷ ሚሼል ለክለር ኦኒል ዘዴያቸውን በ1987 እንዳስተዋወቁ ይነገራል፤ መጽሐፋቸውም የመጀመሪያው ዘዴ የእርሳቸው መሆኑን በርዕሱ ይናገራል። በሌላ በኩል ስሙን በዓለም ያስተዋወቁት የኒው ሃምፕሺየሯ ማሪ ሞንጋን (1933–2019) ናቸው። የሞንጋን ዘዴ በ1989 እንደተጀመረ የሚገለጽ ሲሆን፣ ልጃቸው ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ነበረች። እርሳቸውም የዲክ ሪድን መጽሐፍ በወጣትነታቸው አንብበው እንደተነሱ ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ በየስሙ የተመዘገቡ በርካታ ኮርሶች ተፈጥረዋል፤ ልዩነታቸው ከይዘት ይልቅ በአቀራረብና በዋጋ የሚጎላ ይመስላል።

አሠራር

ልምምዱ አራት ዋና ክፍሎች አሉት፦ አተነፋፈስ፣ ሰውነትን ከግንባር እስከ እግር ጣት ማፍታታት፣ በጎ ሐሳብን መደጋገምና ምናብ፣ የአጋር ንክኪና ድምፅ። ምጥ ሲመጣ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወይም ስምንት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት የተለመደ ነው። ቁጥሩ ከሚያስጨንቅ ይቅር።

ወጪ

በብሪታኒያ በግል አስተማሪ የሚሰጥ ሙሉ ኮርስ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያስከፍላል። የብሪታኒያዋ ልዕልት ካትሪን በ2020 በአንድ የድምፅ ዝግጅት ላይ በዘዴው መጠቀማቸውን መናገራቸው ዘዴውን ይበልጥ አስተዋውቆታል፤ የባለጸጎች ነገር ነው የሚለውን ግምትም ሳያጠናክር አልቀረም። ግምቱ ግን ልክ አይደለም። ዘዴውን ለመመዘን የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች የፈተኑት ውዱን ሳይሆን አጭሩንና ርካሹን ዓይነት ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በ680 የመጀመሪያ ልጃቸውን በሚወልዱ እናቶች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ በ2015 የታተመው ጥናት፣ እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት የቡድን ትምህርቶችንና በየቀኑ የሚደመጥ አንድ የድምፅ ቅጂ ብቻ ነበር የያዘው። ትምህርቶቹ የተሰጡት በ32ኛውና በ35ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው። በአማካይ ለአንዲት እናት የጨመረው ወጪ 4 ፓውንድ ከ83 ፔንስ ሆኖ ተሰላ፤ የስሌቱ ወለልና ጣሪያ በጣም የተራራቀ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ቁርጥ ዋጋ መያዝ አይገባም። በዴንማርክ አርሁስ በ1,222 እናቶች ላይ የተደረገው ጥናትም የአንድ አንድ ሰዓት ሦስት ትምህርቶችን ነው የሰጠው። እንግዲህ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ የሚከፈልበት ረጅም ኮርስ ከዚህ የተሻለ ነው የሚል ሰው በእነዚህ ጥናቶች ሊደገፍ አይችልም።

ከዚህ በመነሳት ጥቂት ገንዘብ ላላት እናት የሚከተለው አካሄድ ይበቃል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል የምታደርግላትን አዋላጅ ነርስ መጠየቅ ነው። አንዳንድ የብሪታኒያ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች ትምህርቱን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ፤ ሳይጠየቁ ግን ላይነግሩ ይችላሉ። ከላይ የተጠቀሰው ብሔራዊ የወሊድ ማኅበርም ለጠቅላላ የወሊድ ዝግጅት ትምህርቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ወላጆች ቅናሽ ያደርጋል። የሞንጋንንና የዲክ ሪድን መጻሕፍት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዋስ፣ ወይም ያገለገለ ቅጂ በርካሽ መግዛት ይቻላል፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚደመጡ መጻሕፍትንም በስልክ ያውሳሉ።

ለልምምድ የሚደመጠውን ቅጂ መግዛት የግድ አይደለም። ባል፣ እህት ወይም ጓደኛ የማፍታቻውን ቃል ጽፎ ረጋ ባለ ድምፅ በስልክ ሊቀርጽላት ይችላል። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያለች አማርኛ ተናጋሪ እናት በአማርኛ ብታስቀርጸው ይመረጣል፤ በምጥ መካከል የባዕድ ቋንቋ መመሪያን ማስታወስ ተጨማሪ ድካም ነው። ቃሉ አጭርና የምታምነው ይሁን። አማኝ ከሆነች የለመደችው የጸሎት ቃል ሊሆን ይችላል፤ ዘዴው የተለየ እምነት አይጠይቅም። ቅጂው መኪና እየነዱ ወይም እሳት ዳር ሆነው የሚደመጥ አይደለም።

ልምምዱን ከ28ኛው እስከ 32ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መጀመር፣ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መመደብ የተለመደ ነው። ከገንዘብ ይልቅ የሚያጥረው ይህ ጊዜ ነው። ትልልቅ ልጆች ያሏት፣ ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ሃያ ደቂቃ ጸጥታ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ አጋሯ የመጀመሪያ ሥራው ልጆቹን ይዞ መውጣት ነው፤ ማሳጅ መማር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቀን ያልተመቻት እናት ማታ ስትጋደም ብታዳምጠው ምንም አይደለም።

ሌላው ዕቃ ከቤት አይጠፋም። በአንዳንድ ኮርሶች በሚመከረው የመቀመጫ ኳስ ፈንታ ወንበርን ወደ ኋላ ዞሮ መቀመጥ፣ በወገብ ማሞቂያ ፈንታ በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ በወገብ ላይ መያዝ፣ ክፍሉን ማደብዘዝ፣ የምትወደውን መዝሙር ወይም ሙዚቃ በስልክ ማሰማት ይቻላል። ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ሥጋ በንጹሕ የወይራ ዘይት ማሸት በብዙ ኮርሶች ይካተታል። ይህ ከሂፕኖሲስ የተለየ ነገር ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ በምትወልድ ሴት ላይ ስፌት የሚያስፈልገውን መቀደድ እንደሚቀንስ የራሱ ማስረጃ አለው። አዋላጇን አስቀድሞ ማማከር ይገባል። የተረፈ ገንዘብ ካለ በቅድሚያ ወደ ሆስፒታል ለመሄጃ ትራንስፖርት ይቀመጥ።

የጥናት ውጤት

የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ በሚመዝነው በኮክሬን ድርጅት በ2016 የታተመው ግምገማ 9 ጥናቶችንና 2,954 ሴቶችን አካቷል። ሂፕኖሲስ የሕመም ማስታገሻ አጠቃቀምን በአጠቃላይ ሊቀንስ እንደሚችል፣ በጀርባ የሚሰጠውን የማደንዘዣ መርፌ፣ ኤፒዱራልን፣ ግን እንደሚቀንስ እንዳልታየ ደምድሟል፤ የማስረጃው ጥራትም ዝቅተኛ ነው ብሏል። ከላይ በተጠቀሰው የእንግሊዝ ጥናት ኤፒዱራል የወሰዱት ከሠልጣኞቹ 27.9 በመቶ፣ ካልሠለጠኑት 30.3 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። የሠለጠኑት እናቶች ከወለዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ምጡ ቀድሞ ከጠበቁት ያነሰ ፍርሃትና ጭንቀት እንደነበረው ተናግረዋል። ስለዚህ ያለ ሕመም መውለድን ቃል ለሚገባ ኮርስ መበደር አይመከርም። ፍርሃትን መቀነስ ግን በራሱ ዋጋ ያለው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ጡንቻን ማፍታታትን፣ አተነፋፈስንና ሙዚቃን የሕመም ማስታገሻ ለሚሹ ጤናማ እናቶች ይመክራል፤ እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንም እንዲሁ።

በኢትዮጵያ

ትኩረታችን ብሪታኒያ ቢሆንም፣ ገንዘብ ላጠራት እናት በኢትዮጵያም ድጋፍ አለ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የወሊድ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። መውለጃዋ የተቃረበ እናት በጤና ተቋም አጠገብ የምትቆይባቸው የእናቶች ማቆያዎችም አሉ፤ የመጀመሪያው በ1976 በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል እንደተከፈተ ይጠቀሳል። ምጥ የያዛትን ሴት ከብበው የማርያምን ስም የሚጠሩ እናቶችና ጎረቤቶች የቆየ የድጋፍ ልማድ ናቸው።

ጥንቃቄ

ዘዴው ሕክምናን አይተካም። ደም ከፈሰሰ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የሽርት ውኃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ትኩሳት ከያዛት ልምምዱን ትታ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያላት ሴት ሂፕኖሲስን ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት። ተረጋግታ የምትተነፍስ እናት ምጧ የቀለለ ስለሚመስል፣ በማዋለጃ ክፍል ምጧ ምን ያህል እንደገፋ ሳይስተዋል ሊቀር ይችላል፤ አጋሯ ዘዴውን እየተጠቀመች መሆኑን ለአዋላጇ ገና ሲገቡ መንገር ይኖርበታል። ኤፒዱራል ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋት እናት አተነፋፈሱን በቀዶ ሕክምና ክፍልም ልትጠቀምበት ትችላለች።