ጎርፍም ታሪክ አለው

ዛሬ ስለ ጎርፍ እንነጋገራለን። ጽሑፉን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ተከተሉኝ።

እኛ ያለነው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከጨርጨር ተራሮች ሥር ነው። በተራሮቹ ላይ የሚዘንበው ውሃ ሁለት መንገድ አለው። ከፊሉ በሰሜን በኩል ወደ ሚኤሶ ቆላ ወርዶ ወደ አዋሽ ያቀናል። ከፊሉ በደቡብ በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። ብዙዎቹ ወንዞቻችን በበጋ አሸዋ ብቻ ናቸው። ከብት እንነዳባቸዋለን። ታዲያ አንድ ቀን ከላይ ይዘንብና፣ ከታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ውሃ ይመጣል።

ይህ ተረት አይደለም። ጎረቤታችንን ድሬዳዋን አስታውሱ። ደቻቱ ከተማዋን መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነ ወንዝ ነው። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሌሊት፣ በደጋው የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬያለሁ፤ ውሃው እዚህ ደርሶ አያውቅም» የሚል ሰው አታጡም። ሰውየው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ነገር ግን የጎርፍ ዕድሜ ከሰው ዕድሜ ይረዝማል።

ይህ እንዴት ታወቀ? በጽሑፍ ነዋ! በግብፅ አገር፣ በካይሮ፣ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ861 የተሠራ የውሃ መለኪያ አለ። በጉድጓድ ውስጥ የቆመ፣ በክንድ የተሰመረ የድንጋይ ምሰሶ ነው። ግብፆች የዓባይን ሙላት በየዓመቱ እየለኩ ይጽፉ ነበር። ያ ሙላት በአብዛኛው የሚመጣው ከእኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። ሊቃውንት መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ ሙላት የበዛባቸው ዓመታት ተከታትለው እንደሚመጡ አዩ። ሙላት ያነሰባቸውም እንዲሁ ይከታተላሉ። ደጉ ዘመን ረዘመ ማለት ክፉው ቀረ ማለት አይደለም።

ምክንያቱስ? አንዱ ምክንያት ያለው ሩቅ ባሕር ላይ ነው። የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ በአንዳንድ ዓመታት ከወትሮው ይሞቃል። ይህ ኤልኒኞ ይባላል። ያን ጊዜ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ምዕራብ ሐረርጌን የጎዳው ድርቅ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። ግን ልብ በሉ! በ1990 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር፣ ያም የኤልኒኞ ጊዜ ነበር፤ የሕንድ ውቅያኖስም ሞቆ ስለነበር በምሥራቁ ቆላ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ዋቢ ሸበሌም ሞልቶ ሜዳውን አጥለቀለቀ። አንዱ ኤልኒኞ ድርቅም ጎርፍም ሊያመጣ ይችላል።

ዛሬ ደግሞ የዓለም አየር እየሞቀ ነው። የሞቀ አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲጥለውም ባንዴ ያወርደዋል። በዚያ ላይ ዛፉ የተመነጠረ ተዳፋት ውሃ አይዝም። ስለዚህ የአባቶቻችን ዘመን ጎርፍ ለልጆቻችን ዘመን መለኪያ ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በደረቅ ወንዝ ውስጥ ቤት አንሥራ፣ በዝናብ ወራትም አንተኛበት። ሁለተኛው ነገር የእናንተ ነው። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ሽማግሌዎችን ጠይቁ፦ ትልቁ ጎርፍ መቼ መጣ? የት ድረስ ደረሰ? መልሱን ከነዓመተ ምሕረቱ በደብተራችሁ ጻፉ። ከእንግዲህ የሚመጣውንም ጻፉ። ያልተጻፈ ጎርፍ ይረሳል፤ የተረሳ ጎርፍ ሰው ተኝቶ ሳለ ይመጣል።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።