ኮቫለንታዊ ትስስር፦ ኤሌክትሮን የሚጋሩ አቶሞች

«ኮቫለንት ቦንድ» በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ኮቫለንታዊ ትስስር ይባላል። እኔ «ኤሌክትሮን ተጋሪ ትስስር» ቢባል እመርጣለሁ፤ ተማሪው ስሙን እንደሰማ ምን እንደሆነ ይገባዋልና። «የጋራ ትስስር» የሚለው ግን አይበቃም፤ የሚጋሩት ምን እንደሆነ አይናገርም።

የሚጋሩት ጥንድ ኤሌክትሮኖችን ነው። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1916 ያቀረበው አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ ሲሆን፣ «ኮቫለንስ» የሚለውን ስም ከሦስት ዓመት በኋላ ያስተዋወቀው ኧርቪንግ ላንግሙየር ነው። ውሃን እንውሰድ። ኦክስጅን በውጨኛው ምሕዋሩ 6 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ 8 እንዲሞላለት ሁለት ይጎድሉታል። ሁለት ሃይድሮጅኖች አንድ አንድ ኤሌክትሮን ይዘው ይመጣሉ፤ ኦክስጅንም ለእያንዳንዳቸው አንድ ያዋጣል። የተዋጣው ጥንድ የሁለቱም ይሆናል፤ ሁለቱም ኒውክለሶች ስለሚስቡት አቶሞቹ ተያይዘው ይቀራሉ። ውሃ ሲፈላ እንኳ ይህ ትስስር አይበጠስም፤ የሚለያዩት ሞለኪውሎቹ ናቸው።

የአዮናዊ ትስስር ነገር ግን ሌላ ነው፤ በደንብ ሊብራራ የሚገባውም እሱ ይመስለኛል። ሶዲየም ከ11 ኤሌክትሮኖቹ አንዱን ለክሎሪን ይለቃል፤ ሶዲየሙ አዎንታዊ፣ ክሎሪኑ አሉታዊ ሙል (ቻርጅ) ያለው አዮን ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች ትስስሩ ይህ መስጠትና መቀበል ይመስላቸዋል። አይደለም። ትስስሩ ከዚያ በኋላ በተቃራኒ ሙሎች መካከል የሚኖረው መሳሳብ ነው፤ መሳሳቡም በሁሉም አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ብራጎች፣ አባትና ልጅ፣ የጨውን ክሪስታል በኤክስሬይ ሲመረምሩ እያንዳንዱ ሶዲየም በ6 ክሎሪኖች፣ እያንዳንዱም ክሎሪን በ6 ሶዲየሞች ተከቦ አገኙት። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የቆመ ነገር የለም። ስለዚህ ከአፋር የጨው ሜዳ ተፈልጦ በሚወጣው አሞሌ ውስጥ «የጨው ሞለኪውል» የሚባል ነገር አይገኝም፤ ቀመሩ የሚነግረን የአዮኖቹን ምጣኔ ብቻ ነው። ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገውም ይህን ሁሉ መሳሳብ ማሸነፍ ስላለበት ነው።

ልዩነቱ ውሃ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ስኳር ሲሟሟ ሞለኪውሎቹ ሳይፈርሱ ይበተናሉ፤ ውሃው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። ጨው ሲሟሟ ግን አዮኖቹ ተለያይተው ስለሚንቀሳቀሱ ያስተላልፋል።

በሁለቱ መካከል የተሰመረ ድንበር ግን የለም። አቶሞች የጋራውን ኤሌክትሮን የሚስቡበት ኃይል ይለያያል፤ ላይነስ ፖውሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 በጀመረው መለኪያ ዛሬ ሶዲየም 0.93፣ ሃይድሮጅን 2.20፣ ክሎሪን 3.16 ተሰጥቷቸዋል። ሶዲየምና ክሎሪን በጣም ስለሚራራቁ ትስስራቸው አዮናዊ ነው። ሃይድሮጅንና ክሎሪን ግን ጥንዱን ይጋራሉ፤ ጥንዱ ወደ ክሎሪን ያጋድላል። ይኸው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲገባ መጋራቱ ይቀራል፤ ክሎሪኑ ጥንዱን ይዞ ይሄዳል፣ ሃይድሮጅኑ ባዶውን ወደ ውሃው ይጠጋል። በጨጓራችን ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ይኸው ነው።