የአሜሪካ ፉትቦል መጻሕፍት

የአሜሪካ ፉትቦል በሞላላ ኳስ፣ ይበልጡን በእጅ የሚካሄድ ጨዋታ ነው፤ ስለ እሱ የሚጻፉ መጻሕፍትም ከጨዋታው ጋር አብረው አድገዋል። ከቀደምቶቹ አንዱ፣ ደንቡን መልክ በማስያዝ የሚታወቀው ዋልተር ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1891 ያሳተመው መጽሐፍ ነው።

ጸሐፊው ጆርጅ ፕሊምፕተን በ1963 ከዲትሮይት ላየንስ ቡድን ጋር ልምምድ ገብቶ ያየውን «ፔፐር ላየን» በተባለ መጽሐፍ በ1966 አወጣ። የግሪን ቤይ ፓከርስ ቡድን ተጫዋች ጄሪ ክሬመር ደግሞ ከጋዜጠኛው ዲክ ሻፕ ጋር በ1968 ያቀረበው «ኢንስታንት ሪፕሌይ» የ1967ን የውድድር ዘመን በዕለት ማስታወሻ መልክ ይተርካል። የቡድኑ አሠልጣኝ ቪንስ ሎምባርዲ ከነቁጣው የሚታየው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ ሙሉ የሕይወት ታሪኩን ግን ዴቪድ ማራኒስ በ1999 ጽፎታል።

ከሁሉም ሰፊ አንባቢ ካገኙት አንዱ የቢሲንገር «ፍራይዴይ ናይት ላይትስ» (1990) ነው። ደራሲው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቴክሳሷ የነዳጅ ከተማ ኦዴሳ ተዛወረና የፐርሚያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድንን የ1988 ጉዞ ተከታተለ። የጻፈው ግን ከኳሱ አልፎ የዘር መድልዎን፣ የተዘነጋ ትምህርትንና በልጆች ትከሻ ላይ የተጫነን የከተማ ተስፋ ነው፤ ብዙ የኦዴሳ ነዋሪዎችም ተቆጥተውበታል። በ2004 ፊልም ሆኗል።

በ2013 የወጣው «ሊግ ኦፍ ዲናያል» የተጫዋቾችን የአንጎል ጉዳትና የፕሮፌሽናል ሊጉን ክህደት ይመረምራል። ጨዋታውን የሚወድ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው።