የጥንት ክርስትና በልብ ወለድ ድርሰት፤ የአንባብያንም አቀባበል

ታሪክ የሆነውን ነገር ይመሰክራል፤ ልብ ወለድ ድርሰት ደግሞ ሊሆን ይችል የነበረውን ያስባል። ሁለቱ በየሥፍራቸው ሲቆሙ አንዱ ለሌላው ረዳት ነው፤ ሥፍራቸው የተለዋወጠ እንደ ሆነ ግን አንባቢው ይሳሳታል፤ ስሕተቱም አንዳንድ ጊዜ ከፈተና ማርክ ያለፈ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህን ጉዳይ እንዳስብበት ያደረገኝ በክፍሌ ውስጥ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ቤት ስለ ሮማውያን አገዛዝ በማስተምርበት ጊዜ፣ አንድ ዕጩ መምህር በፈተና ወረቀቱ ላይ፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በናዝሬት በሰንሰለት ታስሮ ለሚነዳ ቤን ሁር ለተባለ እስረኛ ውሃ እንዳጠጣው፣ የወንጌል ቃል አስመስሎ ጻፈ። ነገሩን ያገኘው ከሲኒማ ነበር። እኔም መልሱን በቀይ ቀለም ሰርዤ፣ ቤን ሁር የሚባል ሰው በታሪክ እንዳልነበረና ደራሲ የፈጠረው መሆኑን በክፍሉ ፊት ነገርሁት። ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «መምህር፣ ቤን ሁር ካልነበረ እንግዲያ ጲላጦስስ ነበረ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም፤ «አዎን፣ ነበረ» ብዬ ብቻ መለስሁለት፤ ወዲያውም ደወል ተደወለ። እንዴት እንደምናውቅ ግን አልነገርሁትም። አንዱን ሐሰት ነው ብዬ ሳፈርስበት፣ እውነተኛው የቆመበትን መሠረት ሳላሳየው ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት አንባብያን በየዘመኑና በየአገሩ እንዴት እንደ ተቀበሏቸው መመርመር ጀመርሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት፣ በተለይ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ራሱን ቤን ሁርን እንመልከት። ደራሲው ሉ ዋላስ (1827–1905) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጄኔራል የነበረ ሰው ነው። በ1876 በባቡር ሲጓዝ፣ ሃይማኖትን በመንቀፍ ስሙ ከታወቀው ተናጋሪ ከሮበርት ኢንገርሶል ጋር ተገናኝቶ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ክርስቶስ ረዥም ጊዜ ተነጋገሩ። ዋላስ ከባቡሩ ሲወርድ ያሳፈረው የተናጋሪው ክህደት ሳይሆን የራሱ አለማወቅ ነበር። ስለዚህም ስለ ሰብአ ሰገል ጀምሮት የነበረውን አጭር ትረካ አስፍቶ ትልቅ መጽሐፍ ለማድረግ ተነሣ። በዚያን ጊዜ ኢየሩሳሌምን በዓይኑ አላየም፤ አገሩን የሣለው ከመጻሕፍትና ከካርታ በለቀመው ዕውቀት ነው። የኒው ሜክሲኮ ገዥ ሆኖ በሳንታ ፌ ከተማ ሳለ ጨርሶት፣ መጽሐፉ በኖቬምበር 12 ቀን 1880 ታተመ።

አቀባበሉ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር፤ በሰባት ወር ውስጥ የተሸጠው 2,800 ያህል ቅጂ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሐያስያንም የአጻጻፉ ስልት ያለፈበት ነው ሲሉ ነቀፉት። ሕዝቡ ግን ከሐያስያን ጋር አልተስማማም። በ1889 የተሸጠው ቍጥር 400,000 ደረሰ፤ በ1913 ደግሞ አንድ ትልቅ የንግድ ቤት አንድ ሚሊዮን ቅጂ በአንድ ጊዜ አዘዘ።

እነዚህ አንባብያን በመጽሐፉ ውስጥ ምን አገኙ? ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በኤፕሪል 1881 አንብበው ለደራሲው የምስጋና ደብዳቤ ጻፉለት፤ በዚያው ዓመትም በቁስጥንጥንያ የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ አድርገው ሾሙት። ከተራው ሰው ወገን ደግሞ፣ መጽሐፉ ከመጠጥ ሱስ መልሶ ወደ እምነት እንዳቀናው ለደራሲው የጻፈለት ሰው ነበር። ልብ ወለድን እንደ ሐሰት ቈጥረው ከቤታቸው ያራቁ የነበሩ አጥባቂ ክርስቲያኖችም ይህን መጽሐፍ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው አጠገብ አኖሩት። በ1899 በቴአትር መልክ ሲቀርብም፣ ቴአትር ቤት ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሊያዩት መጡ። ዋላስ ለዓመታት የቴአትሩን ጥያቄ ሲከለክል ኖሮ በመጨረሻ የፈቀደው፣ ክርስቶስ በተዋናይ እንዳይመሰልና በመድረኩ ላይ በብርሃን ጮራ ብቻ እንዲታይ በማስማማት ነው። ቴአትሩም እስከ 1920 ድረስ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ኖረ። በ1959 የወጣው ፊልም ደግሞ 11 የአካዳሚ ሽልማት አገኘ፤ የእኔም ተማሪ ያየው ይህንኑ ነው።

ዘመኑን ስናስታውስ የዚህ ሁሉ ፍቅር ምክንያት ይገለጽልናል። የዳርዊን መጽሐፍ ከታተመ ገና 21 ዓመት መሆኑ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ምርመራም ከሊቃውንት አልፎ ወደ ተራው ሕዝብ ጆሮ መድረስ ጀምሮ ነበር። አንባቢው የሚፈልገው ክርክር አልነበረም፤ የገሊላን አቧራ መርገጥና የሕዝቡን ድምፅ መስማት እንጂ። ዋላስም ይህን ሰጠው። ደራሲው ራሱ ሥራውን ሲጀምር ስለ ክርስቶስ የጸና አሳብ ያልነበረው ሲሆን፣ ሲጨርስ አማኝ እንደ ሆነ ተናግሯል።

ይሁን እንጂ ይኸው መጽሐፍ በሰዎች አሳብ ውስጥ የተከለው ስሕተት አለ። ሮማውያን የጦር መርከቦቻቸውን በሰንሰለት በታሰሩ ወንጀለኞች ያስቀዝፉ ነበር የሚለው አስተያየት በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ታሪክ ተቀባይነት አግኝቷል። በእውነቱ ግን የሮማ ቄሣሮች መርከበኞች እንደ ደንቡ በደመወዝ የሚያገለግሉ ነጻ ሰዎች ነበሩ፤ አገልግሎታቸው 26 ዓመት ሲሆን፣ ሲፈጽሙም የሮማ ዜግነት የሚሰጣቸው በነሐስ በተቀረጸ ማስረጃ ነበር። እስረኛን በመቅዘፊያ ላይ በሰንሰለት ማሰር በሜዲቴራኒያን ባሕር የተስፋፋው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። እኔም ራሴ ይህን እስክመረምር ድረስ ለተማሪዎቼ የማስተምረው የሲኒማውን እንጂ የታሪኩን መርከብ አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፖላንድ ነው። ሔንሪክ ሼንኬቪች «ኩዎ ቫዲስ» የተባለውን የኔሮን ዘመን ድርሰት በ1895 እና በ1896 በጋዜጣ ተከታታይ አድርጎ አወጣው። በዚያን ጊዜ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም፤ ከ1795 ጀምሮ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተካፍለዋት ነበር። ድርሰቱም በዋርሶ፣ በፖዝናንና በክራኮቭ ጋዜጦች ላይ በአንድ ወቅት ይወጣ ስለ ነበረ፣ በሦስት መንግሥታት ሥር የተከፋፈለው ሕዝብ አንዱን ታሪክ በአንድነት ያነብ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ሊጊያ የተባለችው ክርስቲያን ልጃገረድ በአውሬ ቀንድ ላይ ታስራ ወደ ትዕይንቱ ሜዳ ስትገባ፣ የአገሯ ሰው ኡርሱስ በባዶ እጁ አውሬውን ጥሎ ያድናታል። ሊጊያውያን የተባሉት ነገዶች የኖሩት በኋላ ፖላንድ በተባለው ምድር አካባቢ ነውና፣ የፖላንድ አንባቢ በታሰረችው ልጃገረድ አገሩን፣ በአውሬው ደግሞ ገዦቹን አየ። ሌላው ዓለም ስለ ሮማ ሰማዕታት ሲያለቅስ፣ እርሱ ስለ ራሱ ያለቅስ ነበር። ደራሲው በ1905 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ አገሪቱም በ1918 ነጻነቷን መለሰች።

በዚህም መጽሐፍ እውነቱና ፈጠራው ጐን ለጐን ይሄዳሉ። በ64 ዓ.ም. የሮማን መቃጠልና ኔሮን ክርስቲያኖችን በወንጀሉ መክሰሱን ታኪቱስ የተባለው ሮማዊ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል፤ ፔትሮንዮስም የነበረ ሰው ነው። ሊጊያና ወዳጅዋ ቪኒክዮስ ግን የደራሲው ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው ደግሞ የኔሮን ሰማዕታት በኮሎሴዮም ውስጥ እንደ ሞቱ አድርጎ ያስባል፤ ነገር ግን ያ ሕንጻ የተመረቀው ኔሮን ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ80 ዓ.ም. ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በ415 ዓ.ም. ሂፓትያ የተባለች ፈላስፋ ሴት በእስክንድርያ በክርስቲያን ነን ባዮች እጅ ተገደለች። ቻርልስ ኪንግስሊ የተባለ የእንግሊዝ ቄስ በ1853 ይህን ታሪክ ልብ ወለድ አድርጎ ሲጽፍ፣ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ቄርሎስንና መነኮሳቱን በክፉ መልክ ሣላቸው። ዐላማው ግን ከእስክንድርያ ይልቅ በእንግሊዝ አገር ነበር፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1850 በዚያ አገር ጳጳሳቷን እንደ ገና ስለ ሾመች፣ ክርክሩ ጋለ ባለበት ሰዓት ነበርና። በማግሥቱ ዓመት ካርዲናል ዋይዝማን በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ስለ ነበሩት ሰማዕታት «ፋቢዮላ» የተባለውን ድርሰት አወጡ። እንዲህ በጥንት ዘመን ልብስ ተሸፍኖ የዘመኑ ክርክር ተካሄደ።

ከ155 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ግብፃዊው የብራና መጻሕፍት ሊቅ ዩሱፍ ዚዳን ያንኑ ዘመንና ያንኑ ግድያ ይዞ «ዓዛዚል» የተባለ ድርሰት በዐረብኛ አሳተመ። ትረካው በሶርያ ፍርስራሽ ውስጥ ከተገኘ የጥንት ጥቅል የተተረጐመ ተመስሎ ስለ ቀረበ፣ ያልተጠነቀቀ አንባቢ ፈጠራውን እንደ ማስረጃ ሊወስደው ይችላል። መጽሐፉ በ2009 ለዐረብኛ ልብ ወለድ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከኮፕት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ወገን በይፋ የተቃወሙት ነበሩ። ቅዱስ ቄርሎስ ለእነርሱ የድርሰት ሰው ሳይሆን በየቅዳሴው የሚጠሩት አባት ነውና። ለእኛም እንዲሁ ነው፤ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ከተተረጐሙት የሃይማኖት መጻሕፍት አንዱ በስሙ «ቄርሎስ» ይባላል። የለንደኑ አንባቢ ሳይደነግጥ ያለፈው ገጽ፣ የካይሮውን ወይም የጐንደሩን አንባቢ ያቈስለዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ለመምህሩ የሚሻለው መጮህ ሳይሆን ወደ ምስክሩ መመለስ ነው። በዘመኑ አቅራቢያ የጻፈው የቁስጥንጥንያው ሶቅራጥስ፣ ግድያው በቄርሎስና በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነቀፋ እንዳመጣ ይናገራል፤ ቄርሎስ አዘዘ ግን አይልም። ከዚህ ያለፈው የደራሲዎቹ ነው።

ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች የምረዳው አንድ ነገር ነው። በጥንት ዘመን ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ ስለ ጥንቱ ዘመን የሚመሰክረው ጥቂት ሲሆን፣ ስለ ጸሐፊውና ስለ አንባቢው ዘመን የሚመሰክረው ግን ብዙ ነው። የአሜሪካው አንባቢ የተናወጠ እምነቱን፣ የፖላንዱ የጠፋች አገሩን፣ የእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ክርክሩን በመጽሐፉ ውስጥ አገኘ።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ነገር ጥሩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶናል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በሮማ ያሳተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው ድርሰት፣ በጥንት ጊዜ በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል ስለ ሆነ ጦርነት የሚተርክ ነው፤ በመጨረሻም አረመኔው ንጉሥ ተጠምቆ ጦቢያን ያገባል። ደራሲው ለመጽሐፉ የሰጠው ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። ታሪኩ ልብ የወለደው መሆኑን ገና ከደጁ ነግሮ አንባቢውን ያስገባዋል ማለት ነው። ገድልና ስንክሳር ሲነበብ የሚሰማ ምእመንም ለምን እንደሚሰማ ያውቃል፤ ለመታሰቢያና ለበረከት ነው። ችግሩ የሚመጣው በጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ ከየት እንደ ተገኘ ሳይነገረው፣ ሁሉንም በአንድ ዓይን ለሚያየው ልጅ ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እነዚህን ድርሰቶች ከተማሪዎቻችን እናርቅ አልልም፤ የሞተውን ዘመን ነፍስ ዘርተው የሚያሳዩ ናቸውና። ነገር ግን ባነበቡ ጊዜ ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው። ይህን ነገር በዘመኑ ወይም በዘመኑ አቅራቢያ የመሰከረው ማን ነው? ደራሲው ከልቡ የጨመረው የትኛውን ነው? መጽሐፉ የተጻፈውስ በምን ጊዜ፣ ለማን ነው? እነዚህን የለመደ ልጅ ፈጠራው ፈጠራ መሆኑን ሲሰማ አይደነግጥም፤ እምነቱን በደራሲ አሳብ ላይ አላቆመምና። ያልለመደ ግን ቤን ሁር ሲወድቅ ጲላጦስም አብሮ ይወድቅበታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክፍሉ ስመለስ ትምህርቱን በዚያ ልጅ ጥያቄ ጀመርሁ። ጲላጦስን ከወንጌላውያን ሌላ አይሁዳዊው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ተብሎ ከሚጠራው የሚለየው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፉስና ሮማዊው ታኪቱስ እንደ ጠቀሱት ነገርኋቸው። ከዚያም በ1961 በቂሣርያ የባሕር ዳር ከተማ ኢጣልያውያን የቁፋሮ ሊቃውንት ያገኙትንና የጴንጤናዊው ጲላጦስ ስም በላቲን ቋንቋ የተቀረጸበትን ድንጋይ ሥዕል በሰሌዳው ላይ አሳየኋቸው። ፊደሎቹ ከፊላቸው ተሰባብረዋል፤ ስሙ ግን ይነበባል። ልጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቀርቦ አየው። የፈተናውን ማርክ አልለወጥሁለትም፤ ይገባው የነበረው መልስ ግን ያ ነበር፤ ከዘገየሁም በኋላ ቢሆን ሰጠሁት።