የኦቾሎ ጠባሳ

ግራ ጉንጬ ላይ የአምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ጠባሳ አለኝ። ሌላ አገር ስሄድ ሰው ዓይኑን ይጥልበታል፤ ኦቾሎ ግን ማንም ልብ አይለውም። እዚያ ብዙው ሰው ጉንጩ፣ አፍንጫው ወይም ጆሮው ላይ ተመሳሳይ ምልክት አለው።

መንደራችን ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል የሚያይ ዐለታማ ተራራ ላይ ነው ያለችው። ቤቶቹ ከዐለቱ ተጠግተው የተሠሩ ናቸው፤ በዐለቱ ስንጥቅና ዋሻ ደግሞ ሽኮኮ ይኖራል። ልጆች ሳለን ፍየል የምንጠብቀው እዚያው ዋሻ አፍ ላይ ነበር። ጉንጬ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣና ከሰነበተ በኋላ ቆሰለ። አያቴ ቅጠል ወቅጣ እየለጠፈችልኝ፣ «አትንካው ልጄ፣ ጊዜውን ጠብቆ ይሄዳል» ትለኝ ነበር። ከዓመት በላይ ቆይቶ ሄደ። በአማርኛ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ሊሽማንያሲስ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ዛሬ ሥራዬ የካንሰር ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩትን መልእክት ማጥናት ነው፤ የጉንጬንም ታሪክ መከታተል የጀመርኩት በዚያው ነው።

ታሪኩ የአገራችን ሰዎች ያሉበት ነው። በእንዶድ ምርምሩ የምናውቀው ዶክተር አክሊሉ ለማ ከነተሾመ ገመቹ ጋር ሆኖ ስለ ደጋው አገር ቁንጭር ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። በ1973 ተመራማሪዎቹ ብሬይና አሽፎርድ ቁንጭርን የሚያመጣው የእኛው ተሕዋስ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አሳይተው ሊሽማንያ ኤቲዮፒካ አሉት። ተሕዋሱ የሚኖረው በሽኮኮ ላይ ነው፤ ወደ ሰው የምታመጣው ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት። በ1992 ተመራማሪዎች ወደ ኦቾሎ ተመልሰው ያገኙትን አሳተሙ፤ ተሾመ ገመቹ በዚያም ጥናት ነበረበት። በቅርብ ዓመታት የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከቤልጅየም አቻዎቻቸው ጋር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎቻችንን ሲመረምሩ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ የቁንጭር ጠባሳ አገኙ።

ተሕዋሱ በሰው ገላ ውስጥ የሚሠራውን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በዱቡሻ ነው። የእኛ የጋሞ ሕዝብ ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ሰው ተጠርቶ ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ይሰበሰባል፤ ተመክሮ እልባት ሲያገኝ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። የሴልም ወግ ይመስላል። በሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ተቀባይ ጥሪውን ይሰማል፤ ካይኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት እየለጠፉ እስከ ኒውክለስ ያደርሱታል። ፎስፋቴዞች ደግሞ ፎስፌቱን እያነሱ ጥሪው እንዲያበቃ ያደርጋሉ። በካንሰር ጊዜ ጥሪው ማብቂያ ያጣል፤ ሴሉ «ተባዛ» እንደተባለ ይኖራል። ሊሽማንያ ግን የተገላቢጦሹን ያደርጋል። ማክሮፌጅ የሚባለው የገላችን ዘበኛ ሴል ጠላት ብሎ ይውጠዋል። እሱም በሴሉ ውስጥ ያሉትን ፎስፋቴዞች ቀስቅሶ፣ በተለይ ኤስኤችፒ-1 የሚባለውን፣ ጥሪውን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ዘበኛው ጠላቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ዝም ይላል፤ ተሕዋሱም እዚያው ይራባል።

የመድኃኒቱ ታሪክ ሁለቱን ሕመሞች ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጀርመን፣ ጎቲንገን ውስጥ ሃንስዮርግ አይብልና ክሌመንስ ኡንገር ሚልቴፎሲንን ለካንሰር ብለው አዘጋጁት። የሴል ሽፋንን ያውካል፤ ኤኬቲ የተባለው ካይኔዝ የሚያስተላልፈውን መልእክትም ይገታል። ወደ ቆዳ ለተዛመተ የጡት ካንሰር በቅባት መልክ ዋለ። በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ ሳይመን ክሮፍትና ባልደረቦቹ ሊሽማንያን እንደሚገድል ደረሱበት። በ2002 ሕንድ የውስጥ አካላትን ለሚያጠቃው የሊሽማንያ ሕመም፣ ለካላዛር፣ ፈቀደችው፤ ከዚያ በፊት ለካላዛር የተፈቀደ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አልነበረም። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። እኛም አገር በደሴ አቅራቢያ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቁንጭር ሕሙማን ላይ ተሞክሯል፤ በየቀኑ የሚዋጥ የ28 ቀን እንክብል ነው።

ባለፈው ክረምት ኦቾሎ ወጥቼ ከጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠራሁ። የአምስት ዓመት ልጇ አፍንጫ ላይ ገና ያልቆሰለች ቀይ እብጠት አየሁና ሳይውል ሳያድር ይታከም አልኳት። ስኒውን አስቀመጠችና፣ «አንተ ዶክተር ሆነህ ተመልሰሃል፤ መድኃኒቱስ መቼ ይመጣል?» አለችኝ።

ተሕዋሱን ዓለም ያወቀው ከእንዲህ ያሉ ልጆች ቁስል በተወሰደ ናሙና ነው። ያ እውቀት በመጽሔት ታትሞ፣ ለስንቱ ማዕረግ ሆኖ፣ እኔንም አስተምሯል። ልጁን በማግሥቱ ይዤው ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። አንድ ልጅ ግን አንድ ነው፤ ያቺ ተራራ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ጠባሳ ሳይቀድማቸው መድኃኒቱ መንደራቸው ድረስ እስኪወጣ፣ የእናትየዋ ጥያቄ የእኛ የተመራማሪዎች ዕዳ ነው።