ማንዲብል፤ የአንድ ቃልና የአንድ አጥንት ታሪክ

በሕክምና ትምህርት የታችኛው መንጋጋ አጥንት በእንግሊዝኛ ማንዲብል ይባላል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ምንጩ ማንዴሬ፣ ማለትም ማኘክ የሚለው ግሥ ነው። ከግሡ ማንዲቡላ፣ ይኸውም ማኘኪያ የሚል ስም ወጣ፤ ስሙም ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። አካሉ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ሳይሆን ከሥራው ነው። በግእዝም መንጋጋ መንሰክ ሲባል፣ ምንጩ ነሰከ፣ ማለትም ነከሰ የሚለው ግሥ ነው።

የእንግሊዝ ሕዝብ በዕለት ንግግሩ የሚጠቀምበት ጆው የተባለው ቃል ግን የዘር ሐረጉ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ቃሉ በጽሑፍ የታወቀው በ14ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ሊቃውንት ጉንጭ ከሚለው የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል፣ ሌሎቹም ማኘክ ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ጋር ያዛምዱታል። ጆው ላይኛውንም ታችኛውንም መንጋጋ ያጠቃልላል። የሰውን አካል የሚያጠኑ ሊቃውንት ግን ታችኛውን ማንዲብል፣ ላይኛውን ማክሲላ ብለው ለይተዋል።

ስሙ ቢለይም የአጥንቱ እውነተኛ ቅርጽ ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ ኖሯል። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ ሐኪም ጋሌን የሰው ታችኛ መንጋጋ ከሁለት አጥንቶች የተጋጠመ ነው ሲል ጻፈ። ጋሌን በአብዛኛው የመረመረው እንስሳትን ነበር፤ ለምሳሌ በውሻ መንጋጋ የሁለቱ ወገኖች መጋጠሚያ ካደገም በኋላ ተለይቶ ይታያል። የጋሌን ስም እጅግ የተከበረ ስለ ነበር ቃሉን የሚጠራጠር አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. ከ1200 እስከ 1202 በግብፅ ታላቅ ረኀብ ሆነ። በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበረው የባግዳድ ተወላጅ ሐኪም ዐብዱል ለጢፍ፣ በየሥፍራው ተከምሮ የነበረውን የሙታን አጥንት መረመረ። እርሱና ባልንጀሮቹ ከ2,000 በላይ ራስ ቅሎችን አይተው፣ ታችኛው መንጋጋ መጋጠሚያ የሌለው አንድ አጥንት መሆኑን አረጋገጡ። ጋሌንን እያከበረ፣ ዓይን የሚያየው ማስረጃ ከጋሌን ቃል እንደሚበልጥ ጻፈ። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ1543 ቬሳሊዩስ በታወቀው መጽሐፉ ያንኑ ስሕተት አረመ። በሁለቱ መካከል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፏል።

ይሁን እንጂ የጋሌን ቃል ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ሕፃን ሲወለድ መንጋጋው በአገጩ መካከል የሚገናኙ ሁለት ወገኖች አሉት፤ በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት ውስጥ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ።

ይህ አጥንት ጠንካራ በመሆኑ ሌላው አካል ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአፋር ሌዲ ገራሩ ጫላቸው ሥዩም ያገኙት፣ ጥርሶች ያሉበት የግራ መንጋጋ ስባሪ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቱ ሲታተም ተመራማሪዎቹ ሆሞ ከተባለው የሰው ወገን መደቡት።

በአማርኛችን መንጋጋ የሚለው ቃል አጥንቱንም የኋላ ጥርሶችንም ይጠራል። በሽተኛው መንጋጋዬን አመመኝ ሲል አጥንቱን ይሁን ጥርሱን ቃሉ ብቻውን አይገልጽም። ስለዚህ ባለሙያው በካርዱ ላይ የታችኛው መንጋጋ አጥንት፣ ወይም የመንጋጋ ጥርስ ብሎ ለይቶ ሊጽፍ ይገባል። የዐብዱል ለጢፍ ታሪክ የሚያስተምረውም ይኸንኑ ነው፤ ስሙ ከመጻፉ በፊት አካሉ በዓይን ይታይ።